ባትሪው ምን አጠፋ?

በመብራትና በቻርጅ ችግር ደብረ ማርቆስ ወዳለው መጠገኛዬ ከሚመጡት የቆዩ ሞተር ሳይክሎች አብዛኞቹ አዲስ ባትሪ የተገጠመላቸው ናቸው። የባትሪው ፕላስቲክ ገና ያብለጨልጫል፤ ደረሰኙም ከባለቤቱ ኪስ አልወጣም። ክላክሱ ግን አይጮኽም፣ ፍሬቻው ብልጭ ብሎ ይቀራል፣ የፊት መብራቱም ከጎማው ሥር ያለውን ጉድጓድ እንኳ አያሳይም። ባለቤቱ የሚጠይቀኝ ጥያቄም ያው ነው፤ «ይኸኛውም ባትሪ ብልሹ ሆኖ ይሆን? ሌላ እንግዛ?»

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ ባትሪው ምን አጠፋ? አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህንን ነው። ችግሩ ያለው ባትሪውን በሚመግበው መስመር ላይ ሆኖ ሳለ፣ ፊት ለፊት የሚታየውና በቀላሉ ተፈትቶ የሚወጣው ባትሪ ስለሆነ እሱ ይቀየራል። አዲሱም ባትሪ በዚያው ባልተጠገነ መስመር ላይ ተቀምጦ በጥቂት ሳምንታት ይደርቃል። ከዚያ ሬጉሌተር ይገዛል፤ ከዚያ ስታተር ይገዛል። መጨረሻ ላይ «ይህ ሞተር አብቅቶለታል» ተብሎ ግቢ ውስጥ ከግንብ ጋር ተደግፎ ዝናብ ይመታዋል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንድ ነገር ለማለት ነው። ዕቃ ከመግዛታችን በፊት እንለካ፤ ለመለካቱም እንክፈል። ነገሩ ለአንድ ጠጋኝ ገበያ የሚጠቅም ብቻ ሊመስል ይችላል። በእኛ አገር ግን የሞተር መብራት መብራትና አለመብራት ከገበሬው በሬና ከሕፃን ክትባት ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም ደጋዎች ሞተር ሳይክል የመዝናኛ ዕቃ አይደለም። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አዝሎ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ወደ ላይ የሚወጣው በሞተር ነው። የግብርና ባለሙያዋ የስንዴውን ዋግ ለማየት ከቀበሌ ቀበሌ የምትዞረው፣ የጤና ጣቢያ ተቆጣጣሪው ጤና ኬላዎችን የሚጎበኘው፣ የትምህርት ሱፐርቫይዘሩ መኪና የማይገባበት ትምህርት ቤት የሚደርሰው በሞተር ነው። ከእነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ ደግሞ የቆዩ ናቸው። ያማሃ ኤጂ 100ና ዲቲ 125ን የመሰሉ፣ ከፕሮጀክት ወደ ጽሕፈት ቤት፣ ከጽሕፈት ቤት ወደ ግለሰብ የተሻገሩ ሞተሮች ዛሬም ዳገቱን ይወጣሉ። ፒስተናቸውና ሻንሲያቸው ጠንካራ ነው። ቀድሞ የሚደክመው ሽቦአቸውና የሽቦአቸው መጋጠሚያ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ኤሌክትሪኩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ማወቅ በቂ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ከክራንኩ ጫፍ ላይ የታሰረው ማግኔት አብሮ ይዞራል። በማግኔቱ መሐል የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለበት ስታተር አለ፤ በልማድ ዲናሞ የምንለው ይህንኑ ነው። ከእሱ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ኤሲ ነው፤ ባትሪ ግን ዲሲ ካልሆነ አይቀበልም። ስለዚህ ሬክቲፋየር ይለውጠዋል። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ቮልቱ እየጨመረ ስለሚሄድ ደግሞ ሬጉሌተር ይገድበዋል። በብዙ ሞተሮች ሁለቱ በአንድ ባለ ክንፍ የአሉሚኒየም ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። ከዚያ ወደ ፊውዝና ወደ ባትሪ፣ ከባትሪው በቁልፉ በኩል ወደ ክላክስ፣ ወደ ፍሬቻና ወደ መብራት ይሄዳል። የሄደው ሁሉ በሻንሲው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ መመለስ አለበት፤ ይህን መመለሻ እኛ ባለሙያዎቹ ማሳ እንለዋለን። መመለሻው ከተበላሸ መሄጃው ጤነኛ መሆኑ ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስተውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙዎቹ የቆዩ ትናንሽ ሞተሮች የካንዴላቸውን እሳት የሚያገኙት ከዲናሞው በቀጥታ እንጂ ከባትሪው አይደለም። ባትሪው ባዶ ቢሆንም በእግር ሲመቱ ይነሣሉ፤ አንዳንዶቹም የፊት መብራታቸው በቀጥታ ከዲናሞው ይሠራል። «ሞተሩ ይነሣል፤ እንግዲህ ችግሩ የባትሪ ብቻ ነው» የሚለው ፍርድ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሞተሩ መነሣቱ ግን የቻርጅ መስመሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ለእሳቱ የተጠቀለለው ሽቦና ለባትሪው የተጠቀለለው ሽቦ የተለያዩ ናቸው።

ባለፈው ክረምት አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከጮቄ ግርጌ ካለ ወረዳ ሞተሩን ሊገፋ ምንም ያልቀረው ሆኖ መጣ። ባትሪው ተቀይሯል። ቀጥሎ ሌላ ቦታ ወስዶት ሬጉሌተሩ ተቀይሯል። በሦስተኛው ቦታ «ስታተሩ ተቃጥሏል» ተብሎ፣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እንዲመጣ ዋጋ እየተጠየቀ ነበር።

«ጋሼ፣ ስታተሩ ቢቀየር ይድናል አይደል?» አለኝ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ እንለካው» አልሁት።

ባትሪውን ሌሊቱን ቻርጅ አድርጌ አሳደርሁት። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ስለካው 12.5 ቮልት ነበረው፤ ለሥራ የሚበቃ ነው። ሞተሩን አስነሥቼ ከሚኒሞ ከፍ አድርጌ ነዳጅ ስሰጠው ባትሪው ላይ 12.7 ብቻ አሳየ። ከ13.5 በላይ መውጣት ሲገባው አልወጣም። «ስታተር ነው» ያሉት ሰዎች እዚህ ላይ ነው ያቆሙት። እኔ ግን የቴስተሩን ጫፎች ወደ ሬጉሌተሩ ወሰድኋቸው። አንዱን በመውጫው ሽቦ ላይ፣ ሌላውን በራሱ በሬጉሌተሩ ገላ ላይ ሳሳርፍ 14.3 አሳየ። ስታተሩ ያመነጫል፤ ሬጉሌተሩም ሥራውን ይሠራል። ግን ከ14.3ቱ 1.6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል።

የት እንደሚቀር ማወቅ ቀላል ነው። ሞተሩ እየሠራ ከሬጉሌተሩ መውጫ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ያለውን ልዩነት ለካሁ፤ 0.1 ነው። ከሬጉሌተሩ ገላ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ስለካ 1.5 ሆነ። ችግሩ ማሳው ላይ ነው ማለት ነው። የባትሪውን ሣጥን አውጥቼ ከኋላው የማሳውን ሽቦ ተከተልሁት። ሻንሲው በቅርቡ ቀለም ተቀብቷል፤ ሲገጣጠም የማሳው ቡሎን በቀለሙ ላይ ታስሯል። የሽቦው ጫፍም አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። በብርጭቆ ወረቀት እስከ ነጭ ብረቱ ፋቅሁት፤ የዛገውን ጫፍ ቆርጬ አዲስ የመዳብ ቀለበት በየድሁለት፤ ቡሎኑን አጥብቄ ላዩን ቫዝሊን ቀባሁት። ሞተሩ ሲነሣ ባትሪው ላይ 14.1 አሳየ። ስታተር ሳይገዛ ክላክሱ ጮኸ፣ ፍሬቻውም በሥርዓቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

በተናገርሁት ነገር ውስጥ ተአምር የለም፤ የኦም ሕግ ነው። በማሳው መጋጠሚያ ላይ የተፈጠረው ዝገትና ቀለም ግማሽ ኦም ተቃውሞ ካለውና 3 አምፔር ከሄደበት፣ ሦስት ሲባዛ በግማሽ 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል። ከዚህ የባሰው ግን ሬጉሌተሩ መታለሉ ነው። እሱ የሚያየው ራሱ ዘንድ ያለውን 14.3 ስለሆነ «ባትሪው ጠግቧል» ብሎ ይገድባል። ባትሪው ግን ርቦታል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ አሥር ባትሪ ቢቀያየር አሥሩም ይራባሉ።

ስለዚህ ሞተሩ የማንም ይሁን፣ ጠጋኙም ማንም ይሁን፣ የምርመራው ቅደም ተከተል አንድ መሆን አለበት። መጀመሪያ ባትሪው ራሱ ቻርጅ ይደረግና ጥቂት ሰዓት አርፎ ይለካ። የሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ያሳያል፤ 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ነው። በባዶ ባትሪ ላይ የተደረገ ምርመራ ሁሉ ያሳስታል። የሞላው ባትሪ መብራትና ክላክስ ሲከፈትበት ወዲያው ተንሸራቶ ከወረደ፣ ያን ጊዜ ብቻ «ባትሪው ደክሟል» ማለት ይቻላል። የቆየው ሞተር ባለ 6 ቮልት መሆን አለመሆኑም አስቀድሞ ይታይ፤ እንዲህ ያሉ ዛሬም አልጠፉም።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ከሚኒሞ ከፍ ሲል ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መድረስ አለበት። ከ15 ካለፈ ግን የመገደቡ ሥራ ተበላሽቷል፤ ባትሪው ይፈላል፣ አምፖሎች በየተራ ይቃጠላሉ። ቮልቱ ከፍ ካላለ ደግሞ ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት ወደ ሦስተኛው ይታለፍ።

ሦስተኛው ከላይ የተረክሁት ነው፤ በመንገድ ላይ የሚቀረውን ቮልት መለካት። በፖዘቲቩም በኔጌቲቩም በኩል ከ0.2 ቮልት በላይ ከቀረ፣ መጋጠሚያው ሳይጸዳ ማንም ሰው ገንዘቡን ከኪሱ እንዳያወጣ እመክራለሁ። ይህን የሚለካ ጠጋኝ ጥቂት ነው። በእኔ ልምድ ግን ከቆዩ ሞተሮች ብልሽት ትልቁ ድርሻ የሚገኘው እዚህ ነው። የማሳ ቡሎን፣ የፊውዙ መቀመጫ፣ የሬጉሌተሩ ሶኬት፣ የቁልፉ ውስጥ መገናኛ፣ በናስትሮ የተጠቀለለ የተጠማዘዘ ሽቦ በየተራ ይታዩ።

አራተኛ፣ መስመሩ ንጹሕ ሆኖ ቻርጁ ከቀረ የስታተሩ ሶኬት ይነቀልና በኤሲ ይለካ። ሦስት ቢጫ ሽቦ ያለው ከሆነ በየሁለቱ መካከል የሚነበበው ቁጥር እኩል ሆኖ ነዳጅ ሲሰጥ አብሮ መጨመር አለበት፤ ከሦስቱ አንዱም ከሻንሲው ጋር መገናኘት የለበትም። አንዱ ቁጥር ከሌሎቹ ካነሰ ወይም ከብረቱ ጋር ከተገናኘ ስታተሩ ታሟል፤ ያን ጊዜ ይጠቅለል ወይም ይገዛ። በቆዩት ባለ አንድ ጥቅል ስታተሮች ላይ ግን አንደኛው ጫፍ በፋብሪካው ሆን ተብሎ ከማሳ ጋር የሚታሰርባቸው ስላሉ፣ መመሪያው ሳይታይ «ተገናኝቷል፤ ተቃጥሏል» ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ስታተሩ ደህና፣ መስመሩም ደህና ከሆነ የቀረው ሬጉሌተሩ ነው። እሱን የሚያስገዛን ከዚህ በፊት ያሉት ሁሉ ተለክተው ነጻ መሆናቸው ነው።

አምስተኛው ሌሊት ለሌሊት የሚያልቅ ባትሪ ነው። ቁልፉ ተዘግቶ የኔጌቲቩ ሽቦ ይነቀልና አምፔር የሚለካው ቴስተር በሽቦውና በባትሪው መካከል ይገባ። ሰዓትም ማንቂያም የሌለው የቆየ ሞተር ዜሮ ማሳየት አለበት። የሚሄድ ነገር ካለ በመጀመሪያ የሬጉሌተሩ ሶኬት ይነቀል። ንባቡ ዜሮ ከሆነ ውስጡ ያለው ሬክቲፋየር ወደ ኋላ እያፈሰሰ ነው፤ ካልሆነ ደግሞ የተላጠ ሽቦ ይፈለግ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ዋጋው ከአንድ የሞተር ባትሪ በሚያንስ ተራ ቴስተር ነው።

የደጋውን ጠባይ የማያውቅ ሰው «ይህን ያህል ዝገት ከየት መጣ?» ሊል ይችላል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ የጮቄ ጫፍ ደግሞ ከ4000 ሜትር ያልፋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አያባራም። ዋልካው ጎማውን ብቻ አይዝም፤ የሬጉሌተሩን ክንፎች ለብሶ ሙቀቱን ያፍነዋል። ብዙ ሬጉሌተሮችን የሚገድለው ሙቀት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሞተሩን ሲያጥብ መጀመሪያ ያንን ሣጥን ያጥባል። ወንዝ መሻገር፣ ወንዝ ዳር ማጠብ፣ ከዚያ ሳያደርቁ ማቆም ሶኬቶቹን አረንጓዴ ያደርጋቸዋል። ጭቃው የኋላ ፍሬን ማብሪያዋን ከያዛት ደግሞ ስቶፕ መብራቱ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። 21 ዋት የሆነ አምፖል ወደ 1.75 አምፔር ይወስዳል፤ የትንሽ ሞተር ዲናሞ በዝግታ ጉዞ የሚሰጠውን ብዙውን እሱ ብቻውን ይበላዋል። ነጂው ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ስለሚሄድ አያየውም። መፍትሔው ማብሪያዋን ማጽዳት ነበር፤ የሚገዛው ግን ባትሪ ነው።

ብርዱም ድርሻ አለው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ፣ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ የእርሳስ ባትሪ አቅሙ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። በቀን የደከመ ባትሪ ጠዋት የሞተ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ከመኸር በኋላ ሞተሩን እህል ካለበት ቤት የሚያሳድር ሰው ደግሞ የአይጡን ነገር አይርሳ። አይጥ ልባሱን በልታው እርቃኑን የቀረ ሽቦ ከሻንሲው ጋር ሲነካካ ፊውዝ ያቃጥላል።

ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ወይም ወፍራም ሽቦ የሚያስገቡ አሉ። ይህን ሳይ ልቤ ይደነግጣል። ፊውዙ የተቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። እሱን በሽቦ መተካት ከቤንዚን ታንኩ ሥር የሚያልፈውን ሽቦ ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው። ባትሪውን አውጥቶ «ይነሣ የለም ወይ» እያሉ የሚነዱም አሉ። ባትሪው ቮልቱን የሚያረጋጋ ስለሆነ፣ እሱ ሲወጣ የሚፈጠረው ከፍታና ዝቅታ አምፖሎችንና ውድ የሆነውን የእሳት መቆጣጠሪያ ሊያበላሽ ይችላል። ውኃው ለጎደለ ባትሪ አሲድ የሚጨምሩም አሉ፤ የሚተነው ውኃው ስለሆነ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ነው። አዲስ ባትሪ ሲገዛም አሲድ ተሞልቶ ወዲያው መገጠም የለበትም። ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ0.7 አምፔር ቀስ ብሎ መጀመሪያ መሙላት አለበት። አዲስ ባትሪዎች ቶሎ የሚደክሙበት አንዱ ምክንያት ይህ መታለፉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ጠጋኞች የማይለኩት ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ለመለካት የሚከፍላቸው ስለሌለ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞተር ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ለዕቃ ግዥ መንገድ አለ፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ባትሪ ይገዛል፣ ዕቃው ንብረት ክፍል ይገባል፣ አሮጌው ይመለሳል፣ ሰነዱ ይዘጋል። ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ የተላጠ ሽቦ ላገኘ ሰው ግን ምን ተብሎ ይከፈላል? በፕሮፎርማው ላይ «ብልሽቱን ማግኘት» የሚል መስመር የለም። ስለዚህ ጠጋኙ ልጆቹን የሚያበላው ዕቃ ሲቀይር ነው። ቡሎን ፍቆ ያዳነው ሞተር ምንም አያስገባለትም፤ ስታተር የቀየረበት ያስገባለታል። ሥርዓቱ ራሱ እንዲህ ሲሆን ከጠጋኙ ቅንነት ብቻ መጠበቅ ፍትሕ አይደለም። የግል ባለሞተሩም ከዚህ አይለይም። ለባትሪ ብዙ ሺህ ብር ሳያመነታ ይከፍላል፤ «የምርመራ» ሲባል ግን «ምን ሠራህና?» ይላል።

ይህ ልማድ ድሮም ጎጂ ነበር፤ አሁን ግን የማንችለው ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ስታተሩም፣ ሬጉሌተሩም፣ ባትሪውም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሰላም ሲሆን ዕቃው በአንድ ቀን ይደርሳል፤ ሳይሆን ሲቀር ሳምንት ይጠበቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ ያልተበላሸ ዕቃ መቀየር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። በዚያ ላይ በየግቢው የሚጣለው ባትሪ ውስጡ እርሳስና አሲድ ነው። እርሳስ ለልጆች አእምሮ መርዝ ነው፤ ከየጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ዝናብ በሚያጥበው ቦታ መከመሩ ብቻውን ሊያስጨንቀን ይገባ ነበር።

«የቆዩትን ሞተሮች መንከባከቡ ለምን? ይወገዱና አዲስ ይገዛ» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ቅን ሰዎች እንደሆኑ አውቃለሁ፤ የተበላሸ ሞተር የባለሙያውን ጉልበት እንደሚጨርስ አይተዋል። ነገር ግን ካልለካ ሰው እጅ የገባ አዲስ ሞተር በጥቂት ክረምት አሮጌ ይሆናል። «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በርክቷል፤ ነገ ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ጮቄን ይወጣ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ካርቡሬተር የሚያጸዳ ሰው ሳይሆን ቮልት የሚለካ፣ መጋጠሚያ የሚመረምር፣ ማሳ የሚፈትሽ ሰው ነው የሚፈለገው። ዛሬ በአሮጌው ያማሃ ላይ የተማረ እጅ ነገ ለአዲሱ ይደርሳል።

ከቆየ ሞተር ብዙ ሥራ ማግኘት እንደሚቻል አፍሪካ ውስጥ ታይቷል። ራይደርስ ፎር ሄልዝ የሚባለው ድርጅት በጋምቢያ፣ በሌሶቶና በዚምባብዌ የጤና ሠራተኞችን ሞተሮች ሲንከባከብ መነሻው አንድ ነበር፤ ሞተር ከመበላሸቱ በፊት በቀጠሮ ይታያል፣ ነጂውም በየዕለቱ መፈተሽ ይማራል። ይህን ለማድረግ የውጭ ድርጅት መጠበቅ የለብንም።

የምለምነው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የጥገና ውል ሲይዙ «የምርመራ ዋጋ» የሚል ራሱን የቻለ መስመር ያስገቡ። ብልሽቱን ያገኘ ሰው ዕቃ ባይቀይርም ይከፈለው። ይህ ገንዘብ አያባክንም፤ አንድ ያልተገዛ ስታተር የብዙ ምርመራ ዋጋ ይሸፍናል።

ሁለተኛ፣ በከተማችን ያለው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና ሌሎቹ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት በየግቢው ዝናብ የሚመታቸውን የመንግሥት ሞተሮች ለማስተማሪያ ይጠይቁ። ተማሪው በሰሌዳ ላይ የተሣለ ስታተር ሳይሆን ጭቃ የበላው፣ ሽቦው የተቆራረጠ እውነተኛ ሞተር ይፈትሽ። ከዚያ ውስጥ ተነሥቶ ወደ ቀበሌ የሚመለስ ሞተር አይጠፋም። ወጣቶቹም ቴስተር ይዘው ወደ ሉማሜ፣ ወደ አማኑኤል፣ ወደ ቢቸናና ወደ ደምበጫ ይሄዳሉ፤ ባለሙያው ለአንድ ሽቦ ብሎ ደብረ ማርቆስ ድረስ አይመጣም።

ሦስተኛው ነጂዎችን ይመለከታል። ሞተሩ በእጃችሁ ያለ ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ሲከፈት የኋላው ስቶፕ መብራት በራሱ አለመብራቱን እዩ፤ የባትሪውን ራስና የማሳውን ቡሎን ነካ አድርጉ፤ ከሬጉሌተሩ ላይ ጭቃውን አራግፉ። ይህ መካኒክነት አይጠይቅም።

የመጨረሻው ደግሞ ከሁሉም ይቀላል፤ ከሁሉም የበለጠ የሚለውጠውም እሱ ይመስለኛል። የቻርጅ ጥገና ደረሰኝ ሁሉ ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፍ፤ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ የተነበበው ቮልት ከጥገናው በፊት ስንት እንደነበረና ከጥገናው በኋላ ስንት እንደሆነ። «በፊት 12.7፣ በኋላ 14.1» የሚል ደረሰኝ ሥራው እንደተሠራ ለማንም ይመሰክራል፤ ለሒሳብ ሠራተኛውም፣ ለኦዲተሩም፣ ለነጂውም። «በፊት 12.7፣ በኋላ 12.7» የሚል ደረሰኝ ደግሞ አዲስ ባትሪ ተገዝቶ ምንም እንዳልተጠገነ በግልጽ ይናገራል። ቅኑ ጠጋኝ በዚህ ይከበራል፤ ሳይለካ የሚቀይረው ለመለካት ይገደዳል። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የሌሉበትን የቻርጅ ጥገና ሰነድ ፋይናንስ ክፍሎች አይፈርሙበት።